በዚህ ጊዜ የፍቅር መጽሐፍ?

«በዚህ ጊዜ የፍቅር መጽሐፍ?»

ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ለዓመታት አብሯት ያስተማረ ባልደረባዋ ነው። ሰኞ ጠዋት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ኮሶዬ ላይ፣ ፀሐይ ሊሞቅ ከደጃፏ ጎራ ብሎ አገኛት። ጋቢዋን ደርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። «አገር ስለ ሰላም ይጨነቃል፤ አንቺ ስለ ሰብለ ወንጌል» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቃትም።

ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ መንገድ ነው፤ ተከፈተ ወይ? ተዘጋ ወይ? ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ስለ ኑሮ። መምህርቷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደወል ካሰማ ሰንብቷል። በዚህ መሀል አንዲት አርባን ያለፈች ሴት፣ ሁለት ሰዎች ተገናኙ አልተገናኙ እያለች ልቧ ሲመታ ለሚያያት ሰው ነገሩ ቅንጦት ነው።

የዚያ የጥር ሳምንት ውሎዋ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ለሳምንቱ ያዘጋጀችው ሦስት መጽሐፍ ነበር። አንዱ ስልኳ ውስጥ ነው፤ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክ። እንዲህ ያለውን የማያውቅ የለም። ልጅቷ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ የቤቱ ልጅ ከውጭ አገር ይመጣል፣ ነገሩ ሊሞቅ ሲል «ይቀጥላል» ይላል። ቀጣዩ እንዲለቀቅ ላይክ መሙላት አለበት፤ የቸኮለ ከፍሎ ቪአይፒ ይገባል። እሷ ክፍል 41 ላይ ደርሳለች። ሁለተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ። ሦስተኛው በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ወርዳ፣ ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰው የገዛችው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። አራተኛም ነበራት፤ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»። እሱን ግን ለአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ አውሳዋለች።

ሰኞ ማታ ኔትወርክ መጣ። ክፍል 42 ሊወርድ መሽከርከር ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።

«አንቺ ልጄ፣ ሳይሄድ ያን ልጅ ደውይልኝ።»

ልጃቸው ለቀን ሥራ መተማ ከወረደ ወራት አልፎታል። ስልኳ 14 በመቶ ቻርጅ ነው የቀረው። ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።

«ያቺ ሴትዮ ናት?» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ፣ ዛሬም እሷው ናት።»

«እሷም አትተኛ።» ትንሽ ቁጭ አሉ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ባቄላው ዋጋ ተጨዋወቱ። ሲወጡ ኔትወርኩም አብሯቸው ወጣ። ክፍል 42 ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ መብራት የለም። በመብራት የሚሠራው ወፍጮ በመቆሙ ሰው ሁሉ በናፍጣ ወደሚሠራው ጎረፈ። ገብሷን አስጭና ሄደች፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ከወፍጮ ቤቱ ራቅ ብላ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ መጽሐፏን ገለጠች። ብቻዋን ያነበበችው ግን ሁለት ገጽ አይሞላም።

«አንቺ መምህር፣ ምን ይላል? ለእኛም አሰሚን እንጂ።»

ጮክ ብላ ጀመረች። ዕድሜ የገፉት ታሪኩን ያውቁታል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰሙ ናቸው። ማንበብ የማይችሉ ሴቶች በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ በስሙ ይጠሩታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጣውን ሁሉ ዘር ቆጥረው የሚመልሱበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሳቁ ባሰ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዷ «አባቷ ናቸው ያስቀሯት» አለች። ሌላዋ ጆንያዋን እያስተካከለች «ያኔ በትዕቢት ያስቀሩ ነበር፤ ዛሬ በፍርሃት ይሰጣሉ» አለች። ሁሉም ሳቀ። አንዲት እናት ብቻ አልሳቀችም፤ መሬት መሬት ታይ ነበር። መምህርቷ ያየችውን ነገር ትርጉሙን የተረዳችው ሐሙስ ዕለት ነው።

ረቡዕ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ወሬ አለው። ከጎንደር የተነሣ አንድ ሚኒባስ ኮሶዬ ላይ ቆመ። የመሸበትን መንገደኛ ነዋሪው ተከፋፍሎ አሳደረው። ለመምህርቷ የደረሰቻት ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ናት፤ ደባርቅ ወዳለው ባሏ የምትሄድ። አልጋውን ለቀቀችላት፣ ሽሮ ሠራችላት፣ ሕፃኑ እስኪተኛ አብራ እሹሩሩ አለች። በኩራዝ ብርሃን መጽሐፏን ስታነሣ እንግዳዋ አልተኛችም ነበር።

«ምንድን ነው የሚያነቡት?»

ነገረቻት። ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ፣ መልኳን ለውጣ፣ የምትወደውን ፍለጋ እንደምትጓዝ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው። እነዚያን ሁለቱን የለያቸው ግን መንገዱም ጭምር ነው። በዛብህን ለሞት ያበቃው መንገድ ላይ የገጠመው ወንበዴ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ያለ ዘመን ነው። ዛሬም ግን ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ ሳይደርስ የሚመሽበት ሰው ያን ገጽ ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ደረሰችበት?» አለች እንግዳዋ።

«ደረሰችበት» አለችና መጽሐፉን ዘጋች። ቀሪውን አልነገረቻትም። ነገ መንገድ የምትወጣ ሴት ናት።

ሐሙስ ማለዳ መንገዱ ተከፈተ ተባለ፤ እንግዳዋ ሄደች። ከረፋዱ ላይ ተማሪዋ መጣች። «ሰመመን»ን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

«ቲቸር፣ መጽሐፉን አመጣሁልዎ።»

«ጨረስሽው?»

«አልጨረስኩም። መጨረሻውን ይንገሩኝ።»

«ለምን? ራስሽ አንብቢው እንጂ።»

ልጅቷ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን መጫር ጀመረች። ሠርጓ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቆርጧል። 15 ዓመቷ ነው። ወፍጮ ቤት ያልሳቀችው ሴት እናቷ ናት።

«ታውቂዋለሽ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አሰበች። «ረጅም ነው» አለች።

ሌላ የምትለው አልነበራትም። የመጽሐፉ ተማሪ ሌሊት ሌሊት ምን እያሰበ እንደሚያድር ታውቃለች። ስለሚያገባት ሰው ግን የምታውቀው ቁመቱን ነው። መምህርቷ መጨረሻውን አልነገረቻትም። መጽሐፉንም አልተቀበለቻትም። «አንቺው ጋ ይቆይ» አለቻት።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። የገረማት የራሷ ንዴት ነው። ትምህርት ከቆመ ወዲህ ስንት ልጃገረድ እንደተዳረች እያወቀች ነው የኖረችው። አዲስ ነገር አልነበረም። ባልደረባዋ ይህን ቢሰማ «ይኸውልሽ፣ እውነተኛው ጉዳይ ይህ ነው፤ መጽሐፍሽን ዝጊ» ይላት ነበር። እሷ ግን ንዴቷ ከየት እንደመጣ ስትፈልግ ያገኘችው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ን አነሣች። የመጽሐፉ ታሪክ ከታሪኩ አያንስም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው። ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወደ 3000 በሚጠጉ ቁርጥራጮች። የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡለት። እሱም ሲፈታ ከየሰዉ እጅ አሰባስቦ መጽሐፍ አደረገው። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አረፈ፤ መጽሐፉ አሁንም መንገድ ዳር ይሸጣል። ነገ ይኑሩ አይኑሩ የማያውቁ ሰዎች በጉያቸው ደብቀው ያወጡት ምንድን ነው? ጦርነት ቤቷን ያፈረሰባት አንዲት ግትር ሴት ማንን እንደወደደች የሚናገር ታሪክ።

ወደ ኋላ ቢኬድም ያው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ታሪኩ የሚነሣው ከጦርነት ነው። አባት ይማረካል፣ ቤተሰብ ይበተናል፣ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ፍቅር የሚመጣው በዚያ ስደት መሀል ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። አስመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻ እየተካሄደ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የፍቅር መጽሐፍ የሰላም ጊዜ መዝናኛ ነው የሚል ሰው የትኛው የሰላም ጊዜ እንደሆነ ይንገራት። የአማርኛ ደራሲዎች ፍቅርን የጻፉት መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ሲማረክ፣ ወረቀት ሲጠፋ ነው።

ሁሉም የፍቅር ታሪክ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የስልኳ ታሪክ ክፍል 38 ላይ የቤቱ ልጅ ልጅቷን ክፍል ውስጥ ይቆልፍባታል፤ ጸሐፊው ይህን የፍቅር ብዛት ይለዋል። ከሥር «ምን አለ እኔን በቆለፈብኝ» የሚል አስተያየት ይደረደራል። መምህርቷ ይህን ስታነብ ስልኩን ልትወረውረው ትደርሳለች። አስራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ይህን አንብባ ምን ትማራለች? ሀብታም መጥቶ እስኪያወጣት መጠበቅን። ስለዚህ ነው ተማሪዋን ከስልክ ይልቅ «ሰመመን»ን ያስያዘቻት።

ክፉውም ሆነ ደጉ የፍቅር ታሪክ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፦ ትወደዋለች ወይ? ትፈልገዋለች ወይ? ሦስት መቶ ገጽ የሚነበበው ለዚህ መልስ ነው። ዜና ይህን አይጠይቅም። ዜና ስንት ሰው ተፈናቀለ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ ይላል፤ ሥራው ነው። ሽማግሌም አይጠይቅም። ባለ ጠብመንጃም አይጠይቅም። አንዲትን ልጅ ለይቶ «አንቺስ?» የሚል ልማድ ያለው የተናቀው የፍቅር መጽሐፍ ነው። መምህርቷ ሐሙስ ዕለት የተናደደችው በዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያነበበችው ሰብለ ወንጌል ምን እንደምትፈልግ ነው፤ ደጃፏ የቆመችውን ልጅ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ባልደረባዋንና እማማን ይዛ ወደ ልጅቷ ቤት ሄደች። ባልደረባዋ በመንገድ ላይ «ሕጉን ንገሪያቸው፣ 18 ዓመት ይላል» አላት። አልነገረቻቸውም። አባት ሕጉን ያውቁታል። ልጃቸው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ስለዚሁ ሕግ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥተው የተናገሩ ሰው ናቸው።

ጠላ ቀርቦ ወጉ ሁሉ ካለቀ በኋላ አባት ራሳቸው ጀመሩት።

«መምህር፣ የመጣሽበትን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ይከፈት፣ እኔ ራሴ ደብተሯን ተሸክሜ አደርሳታለሁ። አሁን ግን ቤት ቁጭ ብላለች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እስክትመለስ ልቤ አይረጋም። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቅልኛል? ባል ቢኖራት ያው በሰው ቤት ናት።»

ለዚህ መልስ አልነበራትም። ባልደረባዋም አቀረቀረ። እኚህ ሰው ፊታውራሪ መሸሻ አይደሉም። ዘር አልቆጠሩም፤ ጥሎሽም አላጓጓቸውም። ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውም የውሸት አይደለም።

«እርስዎ ያሉት እውነት ነው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እሷን ጠይቃችኋታል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከምድጃው ዘንድ የነበረችው እናት ቀና አለች።

«ያ የወፍጮ ቤቱ መጽሐፍ» አለች፣ «ልጅቱ በመጨረሻ ምን ሆነች?»

ለእንግዳዋ ያልተነገረው፣ ለተማሪዋ የተከለከለው መጨረሻ፣ ለእናት ተነገረ። «የምትወደው ሰው እጇ ላይ ሞተ። መነኮሰች። ከዚያ እሷም ሞተች።»

እማማ አማተቡ። እናት ባሏን ትኩር ብላ አየችው። እሱም ብዙ ቆይቶ ልጁን ከጓዳ ጠራት።

«አንቺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የጥያቄው ድንገተኛነት አስደነገጣት። መምህርቷን አየች፣ እናቷን አየች። «ስምንተኛን መጨረስ» አለች፤ ድምፁ ከአፏ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንደ ልብ ወለድ አላለቀም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተሰማው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን የልጁ ቤተሰብ ጋር መነጋገራቸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ «እናያለን» ነው ያሉት። የተገኘው ሦስት ወር አይሞላም። በሦስት ወር ትምህርት ቤቱ ይከፈት እንደሆነ፣ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን፣ ኮሶዬ ላይ የሚያውቅ የለም። የተስማሙበት ሌላ ነገር ቢኖር ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከመምህርቷ ቤት እንድትውል ነው፤ ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር። አባት ራሳቸው እያደረሱ ይመልሷታል።

ባልደረባዋ ከደጃፏ ፀሐይ እየሞቀ «እና አሁን ምን ልታስተምሪያቸው ነው? ፍቅር?» አላት።

«አማርኛውን እኔ። ሒሳቡን አንተ።»

መልስ አልሰጠም። ግን ሰኞ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቀ።

በዚያ ሳምንት ካቀደችው ውስጥ አንዱንም አልጨረሰችም። ሰብለ ወንጌል መንገድ ላይ ናት። የሲጋራው ወረቀት መጽሐፍ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው። ክፍል 42 እሑድ ከሰዓት ኔትወርክ ሲመለስ ወርዶ አለቀ፤ ሳትከፍተው እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«አንቺ ልጄ፣ ሳይሄድ ደውይልኝ።»

ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።

«ያቺ ሴትዮ ናት?»

«እሷው ናት እማማ። ነገም እንሞክራለን።»

ተማሪዋ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነገ እስኪጀመር አላስቻላትም። «ሰመመን» ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ከግማሽ አልፋለች። እማማ ውኃ ታቀብላቸው ዘንድ ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ መምህርቷ ቀድማ ብርጭቆውን አነሣች።

«ይተዋት እማማ፣ እያነበበች ነው።»